ከፋሲካ በኋላ

ከቡሬ መጣች ፊያቷ፥ በአይሱዙ ተጭና፥
ጎማዋ ተኝቶ፥ አፍንጫዋ ቀና።
ሁለት በር፥ የሸራ ጣሪያ፥ ወገቧ ጠፍጣፋ፥
ግማሽ ጎኗ ቀይ ነው፥ ግማሹ የጠፋ።
የሟቹ አለኸኝ ልጆች ናቸው የሸጡት፤
«ትበር ነበር» አሉኝ፤ መብረሯን አወሩት።
መቆሟን ግን ማንም በአፉ አላነሣ፥
እኔም ቀዩን ሳየው ጥያቄው ተረሳ።

ደጀን ላይ መካሪ አይጠፋም ለመኪና፥
ኮፈን ከተከፈተ ሁሉም ሐኪም ነውና።
አንዱ፦ «ቀለም ቀባት፥ ያሳፍራል ፊቷ»፥
ሌላው፦ «ቴፕ ግጠም፥ ዝምታ ነው ሞቷ»፥
ሰዋገኝ ሹፌሩ፦ «ካንዴላዋን ቀይር፥
ካርቡራተሯን እጠብ፥ ያኔ ነው የምትበር!»
የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ በወር አንድ ዕቃ ነው ኪሴ የሚችለው፥
ስለዚህ የቱ ይቅደም? የትኛው ነው ቢቆይ ሰውን የማይገድለው?

መልሱ ከጓሮዬ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ መሬት የለም፥
ጉም ብቻ፥ ከጉሙ ሥር ዓባይ፥ እሱም ከላይ አይሰማም።
ሌሊት ተሳቢ ሲወርድ፥ የፍሬን ሸራ ሽታ
በመስኮት ይገባል፥ ያለ ሰላምታ።
አምና አንዱ ወረደ፥ ሰሊጡን በገደል አፈሰሰ፤
ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ እስከ ታች ገሠገሠ።

ወንበሯን ሳነሣ፥ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት፥
የሟቹን የእጅ ጽሕፈት አገኘሁበት፦
«ቀለም—ተሠራ።
የወንበር ልብስ—ተሠራ።
ጡሩምባ፥ ባለ ሦስት ድምፅ—ተሠራ።
ፍሬን—ከፋሲካ በኋላ።»
የየትኛው ፋሲካ? ዓመተ ምሕረት የለውም።
አለኸኝ የሞተው ባልጋው ነው፥ በስኳር፤ ፍሬን አልገደለውም፤
እኔም ግን አንድ ሁለት «በኋላ» ከኪሴ አላጣም።

ጎማዎቿን ፈታሁ፥ በክሪክ፥ በድንጋይ።
(ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ይህን ጻፉልኝ ከላይ።)
የፍሬኑ ዘይት ወጣ፥ የጌሾ ውሃ መስሎ፥
ቱቦው እንደ በጋ ዋልካ ተሰነጣጥቆ፥ ቆስሎ።
ፒስተኑ ዝጎ ከቤቱ አልወጣም አለ፤
ነጭ ጋዝ አጠጣሁት፤ ሲነጋጋ ተነቀለ።
ላስቲኩን፥ ሸራውን ከማርቆስ አስመጣሁ፥
የዚያን ወር ስኳር የሌለው ሻይ ጠጣሁ።
ልጆች ከአጥር ውጭ፦ «መቼ ነው የምትበር?» ሲሉኝ፥
«መቆም እየተማረች ናት» እላለሁ፤ ይሳቁብኝ።
ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፥ ማቆሚያው አራት እጥፍ ይሻል፤
ይህን አሥር ዓመት በጠመኔ ጽፌዋለሁ፤ በእግር ሲያዩት ግን ይለያል።

ይታይሽ ከመጣች ጀምሮ መኪናዋን በጣቷ አልነካቻትም፤
«የሁለት በሬ ዋጋ ናት፤ ግን አንድ ቀን አታርስም»።
ከፍሬን አየር ለማስወጣት ግን ሁለት ሰው ግድ ነው፥
አንዱ ይረግጣል፥ አንዱ መሬት ተኝቶ ብሎኑን ይፈታው።
ገባች፥ ነጠላዋን ሰብስባ፥ ጫማዋን አውልቃ፤
«እርገጪ! ያዢ! ... ልቀቂ! ... ድገሚ!»—እስኪጠራ፥ እስኪበቃ።
«እግሬ ሥር ጠጠረ» አለች፥
ከዚያ ወዲያ አልወረደችም፤ መስታወቱን አስተካከለች።

በሁለተኛው ወር ጎማ። ጎሚስታው ይርሳው በጥፍሩ ጫረው፦
«ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ግን ልጅህን በዕድሜ ይበልጣል፥ ቅበረው»።
በሦስተኛው የቤንዚን ቱቦ፤ እሳት ቀጠሮ አያከብርም።
ቺንጋ፥ የራዲያተር ጎማ፤ የቆላው ሙቀት አይምርም።
የሞተር ዘይትማ በመጀመሪያው ቀን፤ ማን ይከራከራል?
ቀለም—
ከፋሲካ በኋላ።

ትናንት ጧት፥ ጉሙ ሳይነሣ፥ በሁለተኛ ማርሽ፥
ወደ ኩራር ወረድን፥ እኔና ይታይሽ።
ቁልቁለቱ መሐል፥ መታጠፊያው ሳይደርስ፥ ረገጥሁ።
ቆመች።
አንድ ጠጠር ብቻ ወደ ታች ተንከባለለ፤ እሱን አዳመጥሁ።
ይታይሽ፦ «ድገመው» አለች።